አንቱ የተባለው ሙዝ

ሰው ሲደነግጥ የሚጠፋው ነገር ይለያያል። አንዱ የቤቱን ቁልፍ የት እንዳደረገ ይጠፋዋል፤ ሌላው የገዛ ስልክ ቁጥሩ ይጠፋዋል። አንድ የማውቀው ሙሽራ በሠርጉ ቀን የሚዜው ስም ጠፍቶት «ይሄ ሰውዬ» እያለ ሲያስተዋውቀው ውሏል። እኔ ስደነግጥ የሚጠፋኝ ጾታ ነው። የራሴን ማለቴ አይደለም፤ እሱን ጌታ ይመስገን አውቀዋለሁ። የሚጠፋኝ የማነጋግረው ሰው ጾታ ነው።

ነገሩን ላስረዳ። ተወልጄ ያደግሁት አርባ ምንጭ አጠገብ፣ ላንቴ ነው፤ አፌን የፈታሁትም በጋሞኛ ነው። በጋሞኛ ፊት ለፊትህ የቆመው ሰው ወንድም ይሁን ሴት «ኔ» ካልከው አለቀ፤ ወደ ጉዳይህ ትገባለህ። አማርኛ ግን ሰላም ከማለቱ በፊት ያጣራል። «ደህና ነህ» ልበል ወይስ «ደህና ነሽ»? «ና» ልበል ወይስ «ነይ»? አንድ ሰው ውሃ እንዲያቀብለኝ ለመለመን ይህ ሁሉ ምርመራ ምን ያደርጋል? ቢሆንም በትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ፤ ተረጋግቼ ስናገር ምንም አልል። ስደነግጥ ነው «ህ» እና «ሽ» ተነስተው ቦታ የሚለዋወጡት።

ዩኒቨርሲቲ የመመረቂያ ጽሑፌን ሳቀርብ አንድ ጢሙን እስከ ደረቱ ያሳደገ ወጣት መምህር ከበድ ያለ ጥያቄ ጠየቀኝ። ላቤ መጣ። «ጥያቄሽ አልገባኝም፤ ድገሚልኝ» አልኩት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩ ጢሙን ዳበስ አደረገና ጥያቄውን ደገመልኝ፤ እሱስ ጨዋ ሰው ነበር። ጓደኞቼ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ማቴዎስ መሆኑን ረስተው እስክመረቅ ድረስ «ድገሚልኝ» እያሉ ጠሩኝ። ዲግሪዬ ላይ በዚሁ ስም አለመጻፉ እስካሁን ይገርመኛል።

እንግዲህ ይህን ምላስ ይዤ ነው ሥራ ፍለጋ የወጣሁት። ወጣሁ ስል ግን ብዙ ርቄ አልወጣሁም፤ ተመርቄ ላንቴ አባቴ ቤት ሁለት ዓመት ተቀመጥኩ። ማስታወቂያው ሁሉ «ሁለት ዓመት ልምድ ያለው»፣ «አራት ዓመት ልምድ ያላት» ይላል። ሁሉም ልምድ ያለው ሰው ከፈለገ ልምዱን የሚያስጀምረው ማነው? ክትባት አይደል በጤና ጣቢያ አይሰጥ። አንድ ቀን ግን አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ አንድ የሙዝ አምራቾች ማኅበር በር ላይ (ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው) እንዲህ የሚል ወረቀት ተለጥፎ አየሁ፦ የሥራ መደብ፣ የምርት ጥራትና ርክክብ ሠራተኛ። የሥራ ልምድ፣ ዜሮ ዓመት። ልቤ ዘለለ። ዜሮ ዓመትማ ሞልቶኛል። ዜሮ ዓመት ልምድ ከተፈለገ በጋሞ ዞን ከእኔ የተሻለ ሰው ይገኛል ብዬ አላምንም፤ እንዲያውም እኔ የዜሮው የሁለት ዓመት ልምድ ነበረኝ። ማመልከቻዬን አስገባሁ፤ ከሳምንት በኋላ ተደውሎ ሐሙስ ጠዋት ለቃለ መጠይቅ ቅረብ ተባልኩ።

አባቴ ወሬውን የሰማው ሙዝ እርሻችን ውስጥ ቦይ እየጠረገ ነው። አባቴ ብዙ አይናገርም፤ ከተናገረ ግን የተናገረው ይደረጋል። ዶማውን ተደግፎ ቆመና «ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ካምባ አጎትህ ጋ ትሄዳለህ» ብሎ ወደ ቦዩ ተመለሰ። አጎቴ ካምባ ገበያ ላይ ሱቅ አለው። ካምባን ንቄ አይደለም፤ ደህና አገር ነው፤ ገበያውም የሞቀ ነው። አጎቴ ግን ለምትሸጠው ለእያንዳንዷ ሳሙና ሁለት ጊዜ ይቆጣል፤ አንዴ አርክሰህ ሸጥክ ብሎ፣ አንዴ አስወድደህ ገበያተኛ አባረርክ ብሎ። ደግሞ ዲግሪ ይዞ ጨው መስፈር ለእኔ ባይከብደኝ እንኳ ለጨው ገዢው ይከብደዋል። እያንዳንዱ «አንተ የተማርከው ልጅ አይደለህም እንዴ?» ማለቱ አይቀርም።

ይህ የአባቴ ነው። የእናቴ ደግሞ ባሰ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት ያለው ይምጣ ሲባል እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች፤ በጉባኤው ሁሉ ፊት «ጌታ ለልጄ ሥራ ሰጥቶታል» አለች። ልብ በሉ፣ «ይሰጠዋል» አላለችም፤ «ሰጥቶታል» ነው ያለችው። ጉባኤው አሜን አለ፤ እልልታው ቀለጠ። ከአምልኮ በኋላ ሰው እየመጣ እጄን እየጨበጠ እንኳን ደስ አለህ ይለኝ ጀመር። አንዲት እናት ደሞዙን ጠየቁኝ፤ ሌላዋ ደግሞ ስለ ማግባት ማሰብ እንዳለብኝ መከሩኝ። ቃለ መጠይቁ ገና ሐሙስ ነው።

ቤት ስንደርስ «እማዬ፣ ባይሆንስ?» አልኳት። እሷ ምን ገዷት። «እኔ በእምነት ተናግሬያለሁ፤ ከእንግዲህ የጌታና የአንተ ጉዳይ ነው» አለችኝ። ጌታ የራሱን ድርሻ እንደሚወጣ አልተጠራጠርኩም። ያሳሰበኝ ሌላው ባልደረባው ነው። እኔ ካምባ ብሄድ እሄዳለሁ፤ እናቴ ግን በሚቀጥለው እሑድ በዚያ ጉባኤ መሐል በምን ፊቷ ትቀመጣለች?

ሲጨንቀኝ ወደ በረከት ሄድኩ። በረከት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ፣ የአርባ ምንጭ ሴቻ ልጅ ነው። ከተመረቅን ጀምሮ አሥራ አንድ ጊዜ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ አሥራ አንድ ጊዜ ወድቋል። ስለዚህ በቃለ መጠይቅ ሙያ እንደ እሱ ልምድ ያለው ሰው በከተማው የለም። ሥራ የያዘ ሰውማ ምን ያውቃል? አንዴ ገባ፣ አለፈ፣ ወጣ። በረከት ግን የጥያቄውን ቅደም ተከተል፣ የወንበሩን አቀማመጥ፣ ጠያቂው ሰዓቱን ሲያይ ምን ማለት እንደሆነ ሁሉ ያውቃል።

አስቀመጠኝና ያስተምረኝ ጀመር። ድክመትህ ምንድን ነው ሲሉህ እውነተኛውን እንዳትናገር አለኝ፤ «ሥራ ከጀመርኩ ሳልጨርስ መነሳት አልችልም፣ ይህ ድክመቴ ነው» በል። ታዲያ እሱ ጥንካሬ አይደለም ወይ ስለው፣ ለዚህ እኮ ነው ድክመት ነው ብለህ የምትናገረው አለኝ። ይህንኑ ብሎ አሥራ አንድ ጊዜ መውደቁን ላስታውሰው ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ ግን በነጻ የሚመክርህን ሰው አትተችም። ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታያለህ ይሉሃልም አለኝ። ዓይኔን ጨፈንኩ። የታየኝ የካምባው ሱቅ ብቻ ነው፤ እኔ ጨው እሰፍራለሁ፣ አጎቴ ከኋላዬ ቆሟል።

ከዚያ ልምምድ ጀመርን። በረከት ድምፁን አቅጥኖ ሴት ጠያቂ ሆነና ስለ ራስህ ንገረኝ ሲለኝ «እሺ፣ ምን ልንገርህ?» አልኩት። ሴት ነኝ እኮ አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩ። ቀጥሎ ድምፁን አወፍሮ ሥራ አስኪያጅ ሆነ፤ እኔም ክፉኛ ተጠንቅቄ «እሺ ጌታዬ፣ እነግርሻለሁ» አልኩት። በረከት ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። አሥራ አንድ ጊዜ ሲወድቅ እንደዚያ ሲያዝን አላየሁትም። ከአነጋገር ይፈረዳል ከአያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? የእኔ ፍርድ ገና አፌን ስከፍት የሚሰጥ መሆኑ ለሁለታችንም ታየን።

ጥቂት ቆይቶ ግን በረከት ብድግ አለ። «አንቱ ወንድ ነው ሴት?» ብሎ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት። «አየህ፣ ማንም አያውቅም» አለኝ። «እርስዎ ስትል ሴትም ወንድም ያው ነው። ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ እሳቸው፣ ናቸው። ህ የለ፣ ሽ የለ። ሁሉንም አንቱ በላቸው፤ ምላስህ እስኪለምደው ድረስ ከዛሬ ጀምሮ ላገኘኸው ሁሉ አንተም አንቺም እንዳትል።» አቅፌ ልስመው ምንም አልቀረኝ። ሰው አንቱታን ለአክብሮት የፈጠረው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እንደ እኔ ያለ ሰው ነው ተጨንቆ የፈጠረው።

ላንቴ ተመልሼ ሥራዬን ጀመርኩ። ውሻችንን «ከዚህ ይውጡ» አልኩት፤ ትእዛዙ ለሌላ ሰው መሆኑ ገብቶት እዚያው ተኛ። ፍየሏ ጓሮ ስትገባ «እባክዎ ጎመኑን ይተውልን» አልኳት። እናቴ ይህን ሰምታ በጋሞኛ ይሄ ልጅ ትኩሳት አለው እንዴ ብላ ግንባሬን ዳበሰችኝ። ከዚያ ሰው እንዳያየኝ ሙዙ ውስጥ ገባሁ። ፍሬ የያዙ ሦስት የሙዝ ዛፎች መርጬ ጠያቂዎች አደረግኳቸው፤ መሐል ያለውን ትልቁን ሰብሳቢ አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ፊታቸው ቆሜ «እርስዎ እንዳሉት»፣ «እሳቸው እንደጠቀሱት» እያልኩ እጅ ነሳኋቸው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ሥራው በእነሱ እጅ ቢሆን ያኔውኑ ተቀጥሬ ነበር። ይህን ያዙልኝ፤ ሦስት ቀን ሙሉ አንቱ ያልኩት ሙዝን ነው።

የልብሱ ነገር ደግሞ ነበር። በቤታችን ኮት የለም፤ ላንቴ ሙቀቱን የሚያውቅ ሰው ኮት አይገዛም። እናቴ ከመዘምራኑ ጋ ሄዳ የኳየር ኮት አስዋሰችኝ፤ ወይን ጠጅ ቀለም፣ አንገትጌው ዙሪያውን በወርቃማ ክር የተጠለፈ። መዘምራኑ አሥራ ስምንት ሆነው ሲለብሱት ያምራል። አንድ ሰው ብቻውን ሲለብሰው ግን ሌሎቹ አሥራ ሰባት የት ሄዱ ያሰኛል። ሐሙስ ጠዋት በዚያ ኮት በሚኒባስ ተጨናንቄ ሲቀላ ስደርስ ላቤ እስከ ካልሲዬ ወርዷል። የማኅበሩ ዘበኛ ከላይ እስከ ታች አየኝና ሠርጉ ከሆነ ቀጥሎ ያለው አዳራሽ ነው አለኝ። ለሥራ ነው የመጣሁት ብዬ በአንቱታ አስረዳሁት።

ገባሁ። ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። መሐል ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ ፊታቸው ጠቃጠቆ የሞላበት፣ ረጋ ያሉ ሰው። የጡረታ ጊዜያቸው ደርሶ ሁለት ጊዜ መራዘሙን፣ ቢሮው ሁሉ ስለዚህ በሹክሹክታ እንደሚያወራ ያን ቀን አላውቅም ነበር። በመጽሐፍ ቅዱስ መማል አይገባም እንጂ በዚህ ጉዳይ ብምል ደስ ይለኝ ነበር። በቀኛቸው የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሰናይት፣ በግራቸው የገበሬዎቹ ተወካይ፣ የእኛው አካባቢ ሽማግሌ። ጠረጴዛው ላይ፣ ልክ ጋሽ ወርቁ ፊት፣ አንድ ሰሃን ሙዝ ተቀምጧል።

መጀመሪያ የጠየቀኝ ተወካዩ ነው። «አንቺ የማን ልጅ ነሽ?» አለኝ። እዩት እንግዲህ። እኔ ሦስት ቀን ሙዝ ፊት ቆሜ ያመለጥኩትን ስህተት ሰውዬው ተደላድሎ ተቀምጦ ሠራው። ማንም አልሳቀም። ሁለት ጋሻ ሙዝ ያለው ሰው በአማርኛ እንደፈለገ ቢያደርግ ማን ይስቃል? የአባቴን ስም ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ። ወይዘሮ ሰናይት ድክመቴን ጠየቀችኝ፤ በረከት እንዳለኝ መለስኩ። ሁሉንም እርስዎ፣ እርስዎ እያልኩ እንደ ቅቤ ፈሰሰልኝ። አንድም ህ፣ አንድም ሽ አላመለጠኝም። በልቤ እናቴ እውነቷን ነው ማለት ጀመርኩ።

ከዚያ ወይዘሮ ሰናይት የሥራውን ጥያቄ አመጣች። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ጭነት ስትረከብ በጥሬው መሐል አንድ የበሰለ ብታገኝ ምን ታደርጋለህ አለችኝ። በውስጤ ሳቅሁ። ይህን የላንቴ ልጅ ተኝቶም ይመልሰዋል። ችግሩ ጥያቄው ስለ ሙዝ መሆኑ ነው፤ ሙዝ ሲባል ደግሞ ምላሴ ሦስት ቀን የለመደውን ያውቃል። ጎሮሮዬን ጠርጌ እንዲህ አልኩ፦

«የበሰሉ ካሉ እሳቸውን ቶሎ ማንሳት ነው። መብሰላቸው ጥፋት አይደለም፤ ጊዜያቸውን ጠብቀው ነው የበሰሉት። ጥፋቱ ከበሰሉ በኋላ እዚያው መቀመጣቸው ነው። እሳቸው ከላይ ተቀምጠው ከቆዩ ከሥራቸው ያሉት አረንጓዴዎቹ ሁሉ ይበላሻሉ።»

ወይዘሮ ሰናይት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ጥሞና መሰለኝ። በረከት ጠያቂው መጻፍ ካቆመ ወይ ወድቀሃል ወይ ማርከኸዋል ብሎኛል፤ እኔ የማረክሁ መሰለኝና ቀጠልኩ። መብሰላቸውን በምን ታውቃለህ ብላ ጠየቀችኝ፤ ድምፅዋ ቀጠን ብሏል። «ፊታቸው ላይ ጠቃጠቆ ሲወጣ ያስታውቃሉ» አልኩ። «ሌላው ሰው አይቶ እንዳላየ ያልፋቸዋል፤ ማን ይነካቸዋል ብሎ። እኔ ግን አልፈራም፤ በሁለት እጄ በክብር አነሳቸዋለሁ።»

ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ ብቻ ይንቋቋል። ወይዘሮ ሰናይት ውሃ ጠጣችና «ለመሆኑ ስለ ማን ነው የምታወራው?» አለችኝ። እንዴት ያለ ጥያቄ ነው? ስለ ማን ላወራ ነው? «ስለ እሳቸው ነዋ» ብዬ እጄን ዘርግቼ ሰሃኑን አሳየሁ። ሰሃኑ ያለው ጋሽ ወርቁ ፊት መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ከእኔ ወንበር ሲታይ ሰሃኑ ነው፤ ከእነሱ ወንበር ሲታይ ግን ሌላ ነው።

ተወካዩ ወደ ፊት ተጠጋ። ዓይኑ በርቷል። «ካነሳሻት በኋላስ የት ትወስጃታለሽ?» አለኝ። ለዚህም መልስ ነበረኝ። «ለረጅም መንገድ አይሆኑም እንጂ አይጣሉም» አልኩት። «ለቅርብ ገበያ፣ እዚሁ ሲቀላ ለጁስ ቤት እሰጣቸዋለሁ። ጣዕማቸውማ እንደውም አሁን ነው።» ጋሽ ወርቁ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ «ጨርሰናል፤ አመሰግናለሁ ልጄ» አሉኝ። እኔም ለሦስቱም ዝቅ ብዬ እጅ ነስቼ በደስታ ወጣሁ።

በሩ ለካ ገርበብ ብሎ ነበር። ውጭ ያለችው ጸሐፊ ስወጣ ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። ግቢው ውስጥ ሠራተኞች ወሬያቸውን አቋርጠው በዓይናቸው ሸኙኝ። ቅድም ሠርገኛ ያደረገኝ ዘበኛ በሩን ከፈተልኝና «በርታ፤ አገሩ እንዳንተ ያለ ወንድ አጥቶ ነው» አለኝ። ኮቱ ነው ብዬ አሰብኩ። ለካ እየታየ ሲሄድ ያምራል።

ከሰዓት በኋላ በረከት ደወለ። ሰላም እንኳ አላለኝም። ሲቀላ በሙሉ የሚያወራው አንድ ወይን ጠጅ ኮት የለበሰ ልጅ ሥራ ሊለምን ገብቶ ሥራ አስኪያጁን ፊት ለፊት «በስለዋል፣ ይነሱ» አላቸው እያለ ነው አለኝ። አገሩ ደግሞ በሰምና በወርቅ ፈትቶታል አለኝ፤ ሰሙ ሙዙ ነው፣ ወርቁ ጋሽ ወርቁ ናቸው። ቃል በቃል ያልኩትን አንድ በአንድ አስደገመኝ። እኔም እየደገምኩ፣ ከራሴ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። ጠቃጠቆው። ሰሃኑ። «ስለ እሳቸው ነዋ።» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔን የሚያሽ ቅቤማ በጋሞ ደጋም የለም።

አባቴ በማግስቱ የካምባ መኪና በስንት ሰዓት እንደሚነሳ ጠይቆ መጣ። እኔም ልብሴን በፌስታል አሰርኩ። እናቴን ማየት አቃተኝ። እሷ ግን ኮቱን አጥባ ተኩሳ ለመዘምራኑ መለሰች፤ ስትመለስ ደግሞ ለሥራ የምሄድበት ጫማ መጠገን እንዳለበት ነገረችኝ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አልሄድም ብዬ ስተኛ ብርድ ልብሱን ገፈፈችኝ። ሄድኩ፤ ሰው ሥራ እንዴት ነው እያለ ሲጠይቀኝ «ጌታ ይመስገን» እያልኩ አለፍኩ። ውሸት አይደለም፤ ጌታ ሁልጊዜም ይመስገን። ግን እናቴ አጠገቤ ቀና ብላ ስትዘምር ሳይ አለቀስኩ። ሰው መንፈስ የነካኝ መስሎት አሜን አለ።

ሰኞ፣ ፌስታሌን ይዤ በር ላይ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። ወይዘሮ ሰናይት ናት። ረቡዕ ሥራ እንድጀምር ተወስኗል አለችኝ። ደግሜ ጠየቅኳት፤ በደስታ «ድገምልኝ» ስላት ጾታውን ማበላሸቴን እሷም ልብ አላለችውም። እናቴ ዜናውን ስነግራት አልተደነቀችም። «እኔ እኮ ባለፈው ሳምንት እሑድ ነው የነገርኩህ» አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ጋሽ ወርቁ ቢሯቸው አስጠሩኝ። በሩን ዘጉ፤ በደንብ አድርገው ዘጉት። ከዚያ ቁጭ ብለው ጠረጴዛውን እያዩ እንዲህ አሉኝ። ሁለት ጊዜ ጡረታቸውን ያራዘሙት ወደውት አይደለም፤ ሰዉ ሁሉ እርስዎ ከሄዱማ ማኅበሩ ይፈርሳል እያለ ስለሚለምናቸው ነው። የሚለምናቸው ሰው ሁሉ ከኋላቸው ምን እንደሚል ግን ያውቃሉ። ሚስታቸው እንኳ ደፍራ ያልነገረቻቸውን አንድ ሥራ ፈላጊ ልጅ፣ የሚያጣው ነገር እያለው፣ በፊታቸው ተናገረ። «ደግሞ በክብር ነው የተናገርከው» አሉኝ። «ጣዕማቸው አሁን ነው አልክ። እሷ ቃል ቤቴ ድረስ ተከትላኝ ሄደች።» ዓይናቸው እርጥብ ነበር። ወሩ ሲያልቅ እንደሚለቁም ነገሩኝ።

እውነቱን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ጋሼ፣ እኔ ስለ ሙዝ ነበር የማወራው፤ ሰም አላውቅ፣ ወርቅ አላውቅ፣ ሙዝ ብቻ ነው የማውቀው ልል። የእናቴ ምስክርነት ትዝ አለኝ። የካምባ መኪና ትዝ አለኝ። ደግሞ የሰውዬውን ፊት አየሁት፤ ለስንት ጊዜ የተሸከሙትን ሸክም ያወረዱ ይመስላሉ። ያንን ሸክም ሙዝ ነው ያወረደልዎት ማለት ምን ይባላል? አፌን መልሼ ዘጋሁት። እሳቸው ዝምታዬን ትሕትና አደረጉት። እኔ በዚያ መሥሪያ ቤት አፌን ከፍቼም ዘግቼም ክብር ነው የማገኘው።

የወሩ መጨረሻ ደረሰ፤ የጋሽ ወርቁ ሽኝት ተዘጋጀ። ገበሬው፣ ሠራተኛው፣ ነጋዴው አዳራሹን ሞላው። ጋሽ ወርቁ አጭር ንግግር አደረጉ፤ ለረጅም መንገድ አልሆንም፣ ለቅርብ ግን ገና ጣፋጭ ነኝ ሲሉ ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። ከዚያ ይህን ያስተማረኝ ልጅ አንድ ቃል ይበል ብለው ወደ እኔ አመለከቱ። ያላሰብኩት ነው። አልተዘጋጀሁም፤ ሙዝ ፊት አልቆምኩም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ምን ዓይነት የተሸፈነ ነገር ይዞ መጣ ብሎ ትንፋሹን ዋጠ። ተነሳሁ። ላቤ መጣ። ከልቤ የምለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱን አልኩት።

«ጋሼ» አልኳቸው፣ «አመሰግንሻለሁ።»

መሬት ብትከፈት ገብቼ እቀመጥ ነበር። የሚገርመው ግን ማንም አልሳቀም። ወይዘሮ ሰናይት ፊቷን ቋጥራ ማሰብ ጀመረች። ጸሐፊዋ በእጇ መዳፍ ላይ ጻፈችው። ከፊት ወንበር የተቀመጠው የገበሬዎቹ ተወካይ ደግሞ ወደ ጎረቤቱ ዘንበል ብሎ፣ እኔ እስክሰማ ድረስ፣ እንዲህ አለው፦ «ዝም ብለሽ አስቢበት። ይቺ ልጅ ያለ ምክንያት አትናገርም።»